አንድ ድምፅ ለመንፋት ቴፒ ድረስ

ከተመለስኩ ሳምንት አለፈኝ፤ ጫማዬ ግን እስካሁን አልደረቀም። ደብረ ብርሃን ያሉ ጎረቤቶቼ ደጄ ላይ የተሰጣውን ጫማ እያዩ "ለመሆኑ እዚያ ድረስ ምን ልታደርጊ ሄድሽ?" ይሉኛል። "ሙዚቃ ተጋብዤ" ስላቸው ይብስ ግራ ይገባቸዋል። ለእያንዳንዱ ቆሜ ከማስረዳ አንዴ ጽፌው ብገላገል ይሻላል።

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ "ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ዝናብ ያገኛል" ብዬ እጽፋለሁ። ተማሪዎቼ ይገለብጡታል፤ እኔም ፈተና ላይ አወጣዋለሁ፤ ከሳተው ላይ ያለ ርኅራኄ ነጥብ እቀንሳለሁ። ለዚህ ጉዞ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ታዲያ ጃንጥላ አልያዝኩም። የያዝኩት ብርድ ልብስ ነው።

ብርድ ልብሱ ምክንያት አለው። ማርታ የምትባል የሸኮ ልጅ እኛ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ስታስተምር አንድ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ደብረ ብርሃን የቆየችበትን ጊዜ ሁሉ ስትንቀጠቀጥ ነው ያሳለፈችው፤ ካልሲ በካልሲ ላይ ደርባ ነበር የምትተኛው። አገሯ ተዛውራ ከሄደችም በኋላ ሳስባት የምትታየኝ ያቺው የተኮማተረች ማርታ ናት። ስለዚህ የከተማችንን ወፍራም ብርድ ልብስ ገዛሁላት። ብርዱን እዚሁ ለእኛ ትታው መሄዷ ትዝ አላለኝም።

የጠራችኝ በስልክ ነው። "ቴፒ ሜዳ ላይ የሙዚቃ ቀን አለ። ተማሪው ሁሉ ለክረምት ዕረፍት አገሩ ገብቷል፤ ወጣቶቹ ናቸው ያዘጋጁት። አባዬም ከጓደኞቹ ጋር ይነፋል። ነይ!"

"በክረምት? ሜዳ ላይ?"

"ታዲያ ጓዳ ውስጥ ይጨፈራል እንዴ?" አለችኝ።

በመጀመሪያው ቀን ከአዲስ አበባ ጅማ ነው የገባነው። አውቶቡሱ ላይ ከጎኔ የተቀመጡት ወይዘሮ አልማዝ የሚባሉ የጌጫ ማር ነጋዴ ናቸው፤ ማራቸውን ሸጠው ባዶ ጀሪካኖቻቸውን ይዘው ይመለሱ ነበር። ብርድ ልብሱ ከላይ ተጭኖ ዝናብ እንዳይመታው ብዬ ጭኔ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ጊቤ በረሃ ስንወርድ ላብ ከግንባሬ እስከ አገጬ ይወርድ ጀመር። ወይዘሮ አልማዝ እኔን ያያሉ፤ ብርድ ልብሱን ያያሉ፤ መልሰው እኔን ያያሉ።

"ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?"

"የለም፤ ስጦታ ነው። ለጓደኛዬ።"

"ወዴት ነው እሷ?"

"ሸኮ። ከዚያም ቴፒ እንሄዳለን።"

ትንሽ አሰቡ። "ለጌጫ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ እኛ ጋ ይበርዳል። ለቴፒ ግን ይሄ ስጦታ አይደለም፤ ሰው መቀቀል ነው።" ከፊት ያሉት ተሳፋሪዎች ሳይቀሩ ዞረው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ግን እሳቸው ራሳቸው ብርድ ልብሱን ተቀብለው ጀሪካኖቻቸው ላይ አኖሩልኝ፤ እስክንለያይም እንደ ሕፃን ጠበቁልኝ።

በማግስቱ ከጅማ ተነስተን በቦንጋ አድርገን ወደ ሚዛን ቴፈሪ። ይኼን መንገድ በካርታ ስንት ጊዜ በጣቴ ሄጄበታለሁ! ካርታው ላይ ያለው አረንጓዴ ቀለም ግን ቀልድ ነው። በእኛ አገር ዛፍ ማለት ባሕር ዛፍ ነው፤ ተሰልፎ የሚቆም፣ ባለቤቱ የሚታወቅ። እዚህ ዛፉ ላይ ሌላ ተክል በቅሎበታል፤ በዚያ ላይ ሐረግ ተጠምጥሟል፤ ከሐረጉ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል፤ ከሥር ደግሞ ቡናው አለ። አንዱ ዛፍ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ለማወቅ ስሞክር አንገቴ ተጣመመ።

ሸዋ ቤንች ላይ አውቶቡሱ ሲቆም በመስኮት "ሙዝ ስጪኝ" አልኩ። እኔ አገር ሙዝ ስጪኝ ማለት ሁለት ሦስት ፍሬ ነው። ሻጯ አንድ ሙሉ ዘለላ በሁለት እጇ አቅፋ መጣች፤ በመስኮት አልገባ ሲላት ሹፌሩ በሩን ከፈተላት። "ይሄን ሁሉ አይደለም" ልል ስል አውቶቡሱ ተነሳ። ለተሳፋሪው ባዳርስ የሚቀበለኝ ጠፋ፤ ሁሉም ጓሮው ሙዝ አለው። እንዲህ ሆኜ ነው ሚዛን የገባሁት፤ በአንድ እጄ ብርድ ልብስ፣ በሌላው ሙዝ፤ ጃንጥላ የለኝም፤ ዝናቡ ይወርዳል።

ያረፍኩበት ፔንሲዮን ባለቤት ከወላይታ መጥታ እዚያው የከረመች ሴት ናት። የረጠበ ሸሚዜን በረንዳ ላይ ሳሰጣ አየችኝና "እህቴ፣ እዚህ ልብስ አይደርቅም፤ ይለመዳል እንጂ" አለችኝ። እኛ ጋ ብርዱ ቢያንገበግብም ነፋሱ ልብስ ያደርቃል፤ እዚህ አየሩ ራሱ የታጠበ ነው የሚመስለው። ያም ሆኖ ሴትዮዋ ሸሚዜን ከገመዱ አውርዳ በከሰል ካውያ እያገላበጠች አደረቀችልኝ። ምስጋናዬን በሙዝ ልገልጽ ብሞክር ሳቀችብኝ።

በሦስተኛው ቀን በሚኒባስ ሸኮ ደረስኩ። ማርታ መንገድ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ወፍራለች፤ ፊቷ በርቷል፤ ልብሷ እጅጌ የለውም። ብርድ ልብሱን ስሰጣት መሬት ላይ ቁጭ ብላ እስኪያስለቅሳት ሳቀች። ሙዙን ስታይ ደግሞ እንደገና ጀመረች፤ የግቢያቸው አጥር በሙዝ ተከቧል።

አባቷ ጋሼ ጴጥሮስ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። "ቲቸር፣ እንኳን ደህና መጣሽ" ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። የቡና አገር ገብቼ ቡና አምሮኝ ነበር፤ የቀረበልኝ ግን በቅል የተቀዳ የቡና ቅጠል ነው። ጨሞ ይሉታል። ቅጠሉን ከዝንጅብል፣ ከሚጥሚጣና ስሙን ከማላውቀው ቅጠላ ቅጠል ጋር ያፈሉታል። እኔ ሻይ መስሎኝ በደንብ ጎነጨሁት። ጆሮዬ ጮኸ። እንባዬ ሲወርድ ጋሼ ጴጥሮስ ተጨንቀው "ለእንግዳ ብለን ሚጥሚጣውን ቀንሰን ነው" አሉኝ። በተቀቀለ ጎደሬ አበረድኩት። ሁለተኛውን ቅል ግን ራሴ ነኝ የጠየቅኩት፤ ይኼን ለጎረቤቶቼ ማስረዳት አልቻልኩም።

እንዲህ እያለን አንድ ሰው በአጥሩ በኩል መጥቶ ቆመ። የጋሼ ጴጥሮስ ቁርጥ፤ ትንሽ አጠር ያለ ብቻ። ጋሼ ጴጥሮስ ከአጥሩ ሥር፣ እጃቸውን ቢዘረጉ በሚደርሱበት ቦታ ተቀምጠዋል።

"ማርታ" አለ ሰውየው፣ "ለአባትሽ ንገሪው፤ በሬው ገመዱን በጥሶ ወጥቷል።"

ጋሼ ጴጥሮስ ቀና ሳይሉ "ማርታ፣ ለአጎትሽ ንገሪው፤ ሰምቻለሁ" አሉ።

ማርታ ጎደሬውን እየላጠች፣ ፊቷን ሳታዞር "ሰምቷል" አለች። ሰውየው ሄደ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ነገሩን በኋላ አጫወተችኝ። ሰውየው ታናሽ ወንድማቸው ጋሼ ያዕቆብ ናቸው። ጋሼ ጴጥሮስ በወሰን ላይ ባለ ትልቅ ዛፍ ቀፎ ሰቅለው ነበር። ጋሼ ያዕቆብ ቡናዬ ፀሐይ ያግኝ ብለው የዛፉን ቅርንጫፍ ቆረጡ፤ ንቦቹ ተቆጥተው ጥለው ሄዱ። ወንድማማቾቹም ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። በመካከል ያለችው ማርታ ናት፤ ሁለቱም አዝለው ያሳደጓት። "እኔ ደክሞኛል" አለችኝ። "ትምህርት ሲኖር ትምህርት ቤት ውዬ እመጣለሁ፤ ማታ ደግሞ የሁለት ሽማግሌ ስልክ ነኝ።"

ዋናው ችግር ግን የነገው ሙዚቃ ነበር። ጋሼ ጴጥሮስና ጓደኞቻቸው የሚነፉት ቀርከሃ ነው። ሰው የሚያክል አለ፤ ክንድ የማይሞላ አለ። እያንዳንዱ ቀርከሃ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ሰውም አንድ ቀርከሃ ብቻ ነው ያለው። ዘፈኑ የሚገኘው ሁሉም በየተራው ሲነፋ ነው። አንዱ ከቀረ ዘፈኑ ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ይሆናል። ጋሼ ያዕቆብ ደግሞ ከጠቡ በኋላ ቀርከሃቸውን አምጥተው የወንድማቸው አጥር ላይ ሰቅለውት ሄደዋል።

"ታዲያ ሌላ ሰው አይነፋውም?" አልኩ።

"ማን ይደፍራል? የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወይ የአባዬ ወዳጅ ነው ወይ የአጎቴ። እሱን ቀርከሃ ያነሳ ሰው ወገን ያዘ ይባላል። ሁለቱንም የማያስቀይም ሰው የለም።" እንዲህ ብላ አየችኝ። አስተያየቷ አላማረኝም።

"ማርታ፣ እንዳታስቢው።"

"አንቺ እንግዳ ነሽ። በእንግዳ ማን ይቀየማል?"

ጋሼ ጴጥሮስ መጀመሪያ "ሴት ነፍታ አታውቅም" አሉ፤ ትንሽ አሰቡና ደግሞ "እንግዳ ከሆነች ግን ሌላ ነው" አሉ። እኔም በሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ የምመታ ሰው መሆኔን አነሳሁ፤ ምት አያቅተኝም ብዬ። "የምነፋው አንድ ድምፅ ብቻ ነው አይደል? ቀላል ነው" አልኩ። ለልምምድ የተሰበሰቡት ሰዎች፣ ለእኔ ሲሉ ይናገሩት የነበረውን አማርኛ ትተው፣ በሸኮ ቋንቋ አንድ ነገር ተባብለው ሳቁ። ማርታ አልተረጎመችልኝም።

የእኔ ድምፅ የሚገባው ከጋሼ ጴጥሮስ ቀጥሎ ነው። እሳቸው "ቱ" ሲሉ እኔ "ቱ" ማለት ነው። አልኩም፤ ግን ሁልጊዜ ዘፈኑ ካለፈ በኋላ። "ቲቸር" አሉኝ በትዕግሥት፣ "እኔን ጠብቀሽ አትንፊ። ከሰማሽኝ ዘግይተሻል። እግርሽን ተከተይ።" እግሬን ተከተልኩ፤ እግሬም ዘግይቷል። ሌሎቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ ጋሼ ጴጥሮስ ቀርከሃቸውን እየጠረጉ ለማርታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ፤ ግን ሰማሁ። "ነገ ካልሆነልን እሰቅለዋለሁ። ጎዶሎ ዘፈን ይዤ ሰው ፊት ከቆምኩ ወዲያ ሁለተኛ አልነፋም።" ያኔ ነው መሳቄን የተውኩት።

አራተኛው ቀን የሙዚቃው ቀን ነው። ሁላችንም በአይሱዙ ተጭነን ወደ ቴፒ ወረድን። ማርታ ለሽማግሌዎቹ መቀመጫ ብርድ ልብሴን አነጠፈችው፤ እሰይ፣ ሥራ አገኘ። ቴፒ ስትደርስ ሙቀቱ እርጥብ ፎጣ ፊትህ ላይ እንደተጣለብህ ነው። ገበያው መሐል የእርድ ነጋዴዎቹ እጅ እስከ ክርናቸው ቢጫ ነው። ሜዳው በወጣት ተሞልቷል፤ በቆሎ ይጠበሳል፣ አናናስ ይቆረጣል፣ መድረኩ ላይ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የዝናብ ልብስ ለብሳ ታስተዋውቃለች።

የመጀመሪያው ዘፋኝ ገና ሲጀምር ዝናቡ መጣ። እኛ አገር ዝናብ ሲመጣ ሠርግ እንኳ ይበተናል። እኔ ሮጬ አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ቆምኩ፤ ዞር ስል ብቻዬን ነኝ። ከሜዳው አንድ ሰው አልተነቃነቀም። ጃንጥላ ያለው ዘረጋ፤ የሌለው የኮባ ቅጠል ራሱ ላይ አደረገ፤ ቅጠልም የሌለው እንዲሁ ይጨፍራል። አንዲት የማላውቃት ወጣት ካለሁበት መጥታ ከቅጠሏ ግማሹን ቀድዳ ሰጠችኝና እጄን ይዛ ወደ ጭፈራው መለሰችኝ። ያን ቀን ያን ያህል መዝለሌን የሚያምን የደብረ ብርሃን ተማሪ የለም። ደብረ ብርሃን ስመለስ ግን ወገቤ መስክሯል።

ብርድ ልብሴ ወዲያው ሹመት አገኘ፤ ኪቦርዱንና የድምፅ መሣሪያውን ሸፈኑበት። ቢሆንም መብራቱ ጠፋ። ጄኔሬተሩ ሁለቴ አስሎ ዝም አለ። የሜዳው ሰው "ኧረ!" ብሎ ጮኸ። አስተዋዋቂዋ ልጅ ወደ እኛ ሮጣ መጥታ "አባቶች፣ እናንተ መብራት አትፈልጉም አይደል? አሁኑኑ ግቡልን" አለች። እኛ የመጨረሻ ነበርን። ጋሼ ጴጥሮስ አዩኝ። እኔ ደግሞ ወደ አይሱዙው አየሁ፤ ሹፌሩ ቁልፉን ትቶት እንደሆነ።

ከመግባታችን በፊት ማርታ በክርኗ ነካችኝ። ከሰዉ ኋላ፣ በጃንጥላ ሥር፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚመለከት ሰው ቆሟል። ጋሼ ያዕቆብ ናቸው።

"ሙዚቃውን ሊሰሙ ነው የመጡት?" አልኳት።

"አናናስ ልሸጥ ነው ብሎ ነው የወጣው።"

"አናናሱስ የታለ?"

"አልያዘም" አለች ማርታ።

ሜዳው መሐል ክብ ሠርተን እየዞርን መንፋት ጀመርን። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ጋሼ ጴጥሮስ ነፉ፤ እኔ ዘገየሁ። ነፉ፤ እኔ ቀደምኩ፤ ይኼ ደግሞ አዲስ ነበር። ወጣቶቹ መሳቅ ጀመሩ፤ በክፋት አይደለም፤ ግን ይስቃሉ። ዘፈኑ እኔ ጋ በደረሰ ቁጥር እንደ አሮጌ መኪና ይንገጫገጫል። ጋሼ ጴጥሮስን በጎን አየኋቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። በሕይወቴ ብዙ ሰው ፊት አፍሬያለሁ፤ እንደዚያች ቅጽበት ግን መሬት ብትውጠኝ ብዬ አላውቅም። የማፍረው ለራሴ አልነበረም፤ የእኚህ ሰው የመጨረሻ ዘፈን በእኔ ትንፋሽ ሊበላሽ ነው።

ከሰዉ ኋላ አንድ ድምፅ "አይደለም!" አለ። ዞርን፤ ማን እንደሆነ አልታየም። እንደገና ተሳሳትኩ። "አይደለም! አሁን!" አለ ድምፁ፣ ቀርቦ። ጃንጥላው ከሰው ራስ በላይ እየተናጠ ይመጣል፤ ቀጥሎ ጃንጥላው ተጣለ። ጋሼ ያዕቆብ ክቡ ውስጥ ገቡ። ወንድማቸውን አላዩም፤ ያዩት እኔን ብቻ ነው፤ ልጁ ሲመታ ደርሶ እንዳየ አባት ተቆጥተዋል። ዘፈኑን አላቋረጡም፤ ከጎኔ እርምጃቸውን አስተካክለው ሄዱና በሁለት ትንፋሽ መሐል ቀርከሃውን ከአፌ ወሰዱት። በእጅጌያቸው ጠረጉት። ጋሼ ጴጥሮስ "ቱ" አሉ።

"ቱ" አሉ ጋሼ ያዕቆብ።

እንዴት እንደምለው አላውቅም። እስካሁን የሰማሁት ሁሉ ቁርጥራጭ ነበር ለካ። ዘፈኑ በክቡ ዙሪያ እንደ ውሃ ዞረ፤ ሜዳው ሁሉ ጮኸ፤ የኮባ ቅጠል ወደ ላይ ተወረወረ። ጋሼ ጴጥሮስ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ግን ወደ ጎን አላዩም፤ ብቻ እርምጃቸው ረዘመ። እኔ ከክቡ እንዴት እንደሚወጣ ስላልተማርኩ ባዶ እጄን ከኋላቸው እየዘለልኩ ቀጠልኩ። አለቀስኩ፤ ግልጽ አድርጌ ነው ያለቀስኩት። ዝናብ ላይ ማን ያውቃል!

መብራቱ የመጣው እነሱ ሦስተኛ ዘፈናቸው ላይ ሳሉ ነው። ማንም ልብ አላለውም።

ስንመለስ ግን ወንድማማቾቹ አይሱዙው ላይ በሁለቱ ጥግ ተቀመጡ፤ አንድ ቃል አልተናገሩም። ጋሼ ያዕቆብ ቀርከሃውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጫካውን ያያሉ። ማርታ ትከሻዬ ላይ ራሷን ጣል አድርጋ "ይኼም ብዙ ነው" አለችኝ። ድምፅዋ ግን ይኼ በቂ ነው የሚል አልነበረም። እኔም ከፋኝ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት በጩኸት ነቃሁ። ሁለት ወንዶች ግቢው ውስጥ ይጯጯሃሉ። ደንግጬ ነጠላዬን እየጎተትኩ ወጣሁ። ጋሼ ጴጥሮስና ጋሼ ያዕቆብ ፊት ለፊት ቆመው እጃቸውን ያወናጭፋሉ፤ ማርታ ጨሞዋን ይዛ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

"ስለ ንቡ ነው?" አልኳት።

"ማን ስለ ንብ ያወራል? ትናንት ሁለተኛው ዘፈን ላይ ማን ነው የፈጠነው እያሉ ነው።"

ሻንጣዬን ሁለቱ ከሁለት በኩል ይዘው ወደ መንገዱ ሸኙኝ፤ እኔን በመሐል አድርገው ከራሴ በላይ ይከራከራሉ። "አንተ ነህ የፈጠንከው!" "አንተ ነህ የዘገየኸው! ከድሮም ትዘገያለህ!" አለመግባባታቸው ሲብስ ሻንጣውን መሬት ላይ ጥለው በአፋቸው "ቱ! ቱ!" እያሉ፣ በእግራቸው መንገዱን እየመቱ ያረጋግጡ ጀመር። ሚኒባሱ መጥቶ ቆመ፤ ረዳቱ ጡሩምባ አስነፋ፤ አላዩትም። "ጋሼ ጴጥሮስ፣ ጋሼ ያዕቆብ፣ ደህና ሁኑ!" አልኩ፤ አልሰሙኝም።

ማርታ ሻንጣዬን አቀበለችኝና በመስኮቱ እጄን ያዘች። ዓይኗ እንባ ሞልቶት ነበር።

"አትቀየሚያቸው" አለችኝ፣ "ያጠራቀሙት ወሬ ብዙ ነው።"